የሚንቀጠቀጥ የሠርግ ካሴት ወደ ዲቪዲ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ከእኔ ስህተት የተገኘ ልምድ

የታላቅ ወንድሜ ሠርግ ዋናው ካሴት ቤታችን የለም። አንድ ዘመድ «አይቼ እመልሳለሁ» ብሎ ወስዶት በዚያው ቀረ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም። የቀሩን አባቴ በራሱ እጅ የቀረጻቸው ሁለት ካሴቶች ናቸው። ካሜራዋ አጎቴ ከጅዳ ሲመጣ ያመጣለት ትንሽ ሶኒ ነበረች፤ ካሴቶቹም ቪዲዮ ኤይት የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ የሚይዙ ናቸው። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 1990 ዓ.ም. ነበር። አባቴ ካሜራ ይዞ ቆሞ መቅረጽ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እየተራመደ፣ እንግዳ እየተቀበለ፣ ስለ ወጡ እየጠየቀ ይቀርጻል፤ ስለዚህም ሦስቱ ሰዓት በሙሉ በኮሮኮንች መንገድ ላይ ከሚሄድ መኪና ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል።

አባቴ ራሱ የሚታየው በአራት ደቂቃ ብቻ ነው። ወንድሜ ሙሽራይቱን ሊያመጣ ከመውጣቱ በፊት የወላጆቹንና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሲስም አባቴ ካሜራውን ለእኔ ሰጥቶ ተቀመጠ። ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሦስቱ ሰዓት ሁሉ እጅግ የተናወጠውም እኔ የቀረጽኩት ይኸው ክፍል ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም.፣ አባቴ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እማዬ በስልክም በኮምፒውተርም ማየት አትወድም፤ የለመደችው ዲስኩን ከትታ አንድ ቁልፍ መጫን ስለሆነ ዲቪዲ መሆኑ ግድ ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩትም ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ካሴቶቹን ወደ አንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ወስጄ «ወደ ዲቪዲ ቀይሩልኝ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሦስቱም ሰዓት አንድ ላይ የተጫነበት አንድ ዲስክ ሰጡኝ። እማዬ አሥር ደቂቃ ያህል ካየች በኋላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ዞረብኝ ልጄ፤ ለዛሬ አጥፋው» አለችኝ። እኔም ዲስኩን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ምስል የሚያረጋጋ ፕሮግራም አወረድኩና ሥራውን ከዚያ ጀመርኩ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ በልቶብኛል።

ስህተት የሆነበትን ምክንያት በደንብ ላስረዳ፤ እናንተም በዚሁ በኩል ልትጀምሩ ትችላላችሁና። አንድ ተራ ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ሦስት ሰዓት ሲጫንበት ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚደርሰው ድምፁን ጨምሮ 3.5 ሜጋቢት (ሜጋቢት የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ነው፤ የዲቪዲ ደረጃ ግን ለምስሉ ብቻ እስከ 9.8 ሜጋቢት ይፈቅዳል። ዲቪዲ የሚጠቀምበት ኤምፔግ 2 የተባለው የማመቂያ ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ነጠላ ምስል፣ እንደ አዲስ አይጽፍም፤ በአብዛኛው ከሌላው ፍሬም የተለየውን ብቻ ይመዘግባል። ካሜራው ረግቶ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚለወጠው ጥቂት ነው፤ ካሜራው ራሱ በየአቅጣጫው ሲናወጥ ግን ግድግዳውም ድንኳኑም እኩል ስለሚለዋወጥ የተመደበው ሜጋቢት አይበቃም፣ ምስሉም ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይሆናል። እንዲህ የተቆራረጠውን ምስል በኋላ ብታረጋጉት ሰውየው ይቆምና አራት ማዕዘኖቹ በፊቱ ላይ ሲሯሯጡ ታያላችሁ። እኔ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የአጎቴ ጉንጭ በጉንዳን የተወረረ ይመስል ነበር። ስለዚህ ማረጋጋቱ ከዲቪዲው በፊት ይሁን፤ በዚህ ቅደም ተከተል ከተሠራ በሌላም በኩል ይጠቅማል፤ የተረጋጋ ምስል በዚያው ሜጋቢት ይበልጥ ጠርቶ ይታመቃል።

ሁለተኛውን ጉዞ ከካሴቱ ጀመርኩ። ቪዲዮ ኤይት አናሎግ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት መንገድ የለውም። አንድ ጓደኛዬ ዲጂታል ኤይት የሚባለውን የሶኒ ካሜራ አዋሰኝ፤ ከዚህ ዓይነት ካሜራዎች አንዳንዶቹ የድሮውን ካሴት አጫውተው በፋየርዋየር ገመድ ዲጂታል አድርገው ያወጣሉ። ሁሉም ግን አይችሉም፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ ወይም ከመዋሳችሁ በፊት ካሴቱን ከትታችሁ ሞክሩ። ፋየርዋየር ያለው ኮምፒውተርም አሁን በቀላሉ አይገኝም፤ የእኔ ከአንድ ቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። በዚህ መንገድ የሚገባው ፋይል ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ ሁለቱ ካሴቶች 39 ጊጋባይት ገደማ ፈጁብኝ። ብዙ ቢመስልም አታሳንሱት፤ ምስሉ በብዙ ሲታመቅ የሚጠፋው ዝርዝር ፕሮግራሙ እንቅስቃሴውን ለማወቅ የሚተማመንበት ነው። ካሴቱ ለዓመታት ተቀምጦ ከሆነ ከማጫወታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ የተጣበቀው ይላላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። ካሴት ላይ የሚታይ መንቀጥቀጥ ሁሉ የእጅ መንቀጥቀጥ አይደለም። የበሩ ቀጥ ያለ ጠርዝ እንደ ውኃ ነጸብራቅ በየመስመሩ ቢውለበለብ ችግሩ ከካሴቱና ከማጫወቻው ነው፤ የማረጋጊያ ፕሮግራም ለዚህ ምንም አይፈይድም። እኔ ሳላውቅ ሁለት ምሽት ከዚህ ጋር ታግያለሁ። የተዋስኩት ካሜራ በሜኑው ውስጥ ቲቢሲ የሚል፣ የመስመሮቹን ጊዜ የሚያስተካክል ምርጫ ነበረው፤ ጠፍቶ ኖሮ ስከፍተው ውልብልብታው ቆመ፣ ካሴቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ማስገባት ነበረብኝ።

ለማረጋጋት የተጠቀምኩት ቨርቹዋልደብ የተባለውን ነጻ ፕሮግራምና በላዩ የሚጫነውን ዲሼከር ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ሌላ ነጻ የቪዲዮ ፕሮግራም የሚያውቁ ሰዎች በዚያው ውስጥ ያለውን ቪድስታብ ይመርጣሉ፤ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ያልፉበታል፤ በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ፍሬም ካለፈው ምን ያህል ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ወይም በመሽከርከር እንደተንቀሳቀሰ ለክተው በአንድ ፋይል ይመዘግባሉ፤ በሁለተኛው ዙር ያንን መዝገብ እያዩ ምስሉን ወደ ተቃራኒው ይገፉታል። እኔ ሙሉውን 90 ደቂቃ አስገብቼ፣ ፕሮግራሙ ይዞት የመጣውን ቅንብር ሳልነካ ማታ አስጀምሬው ተኛሁ።

ጠዋት ያየሁት ምስል ተረጋግቷል፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኗል። ምክንያቱ ኢንተርሌስ የሚባለው ነው። ፓል በሚባለው፣ እኛ በምንጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ የካሴት ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ቢባልም እያንዳንዱ ፍሬም በእውነቱ ሁለት ግማሽ ምስል ነው፤ አንደኛው ግማሽ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን እያለ፣ ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን እያለ መስመሮቹን ይከፋፈላሉ፣ የተነሱትም በ1/50 ሰከንድ ልዩነት ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ ምስሉን በአንድ መስመር ወደ ላይ ሲገፋው የአንዱን ጊዜ መስመር በሌላው ቦታ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቪዲዮው ኢንተርሌስ መሆኑንና የትኛው ግማሽ እንደሚቀድም ለፕሮግራሙ መንገር ነው፤ በፋየርዋየር የገባው፣ ዲቪ የሚባለው ዓይነት ፋይል የታችኛው ግማሽ ይቀድማል። ሁለተኛው፣ እኔ የመረጥኩት፣ ግማሾቹን ነጣጥሎ በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም ማድረግ፣ በዚያ ላይ ማረጋጋት፣ ለዲቪዲ ሲዘጋጅ ደግሞ መልሶ ወደ ኢንተርሌስ ማጣመር ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን የጭፈራው እንቅስቃሴ ካሴቱ ላይ እንደነበረው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ወደ 25 ፍሬም ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ብትተዉት እስክስታው ይቆራረጥባችኋል። በዚያው ላይ የፒክሰሉን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበትን የእያንዳንዱን ነጥብ ቅርጽ አትርሱ፤ የፓል ምስል 720 በ576 ፒክሰል ቢሆንም የሚታየው 4 ለ3 ሆኖ ስለሆነ፣ ፒክሰሉ እኩል ጎን ያለው ነው ብላችሁ ከነገራችሁት ምስሉን ሲያሽከረክር ቤቱ ያዘነብላል።

ማበጠሪያው ሲጠፋ ሌሎቹ ጉዶች ታዩ። በጣም ያሳቀኝ ድንኳን ውስጥ ያለው ጭፈራ ነው። ሁለት ሴቶች ከካሜራው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው እስክስታ ይመታሉ፤ ምስሉን ከግማሽ በላይ ሞልተውታል። ፕሮግራሙ አብዛኛው ምስል የሚሄድበትን አቅጣጫ የካሜራው እንቅስቃሴ አድርጎ ስለሚቆጥር ትከሻቸውን ለማቆም ሞከረ። ትከሻው እንደ መርግ ቆመ፤ ከኋላ ያለው የድንኳን ምሰሶ እስክስታ መታ። ወንድሜ ይህን ቅጂ እስከ ዛሬ ከስልኩ አላጠፋውም። መፍትሔው ፕሮግራሙ ሲለካ ከምስሉ የተወሰነውን ቦታ እንዳያይ ማዘዝ ነው፤ እኔ ታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ዘግቼበት በድንኳኑ ጣሪያ ብቻ እንዲለካ አደረግኩ። ጣሪያው በማይታይበት ቦታ ደግሞ ምንም ሳልነካ ተውኩት፤ የጭፈራ መሐል መንቀጥቀጥ ለዓይን ያን ያህል አይከብድም።

ከዚህ በኋላ ነው ሙሉ ካሴት በአንድ ቅንብር ማስኬድ ሞኝነት መሆኑ የገባኝ። ሁለቱን ካሴቶች በትዕይንት በትዕይንት ቆራረጥኳቸውና 61 ቁራጭ ወጣኝ። ስለ እያንዳንዱ ራሴን ጠየቅኩ፤ ካሜራው ቆሞ ነው የሚንቀጠቀጠው ወይስ እየተጓዘ? ቆሞ ከሆነ ጠንከር ያለ ማረጋጋት ይችላል። እየተጓዘ ከሆነ፣ ለምሳሌ አባቴ ሙሽሮቹን ከመኪናው እስከ ድንኳኑ ሲከተል፣ ጠንካራ ቅንብር ጉዳት አለው፤ እርምጃው መሬት ሲመታ ምስሉ በራሱ ደብዝዟል፣ ማረጋጋት ደግሞ ድብዛዜውን አያጠፋውም። ንቅናቄው ሲጠፋ ምስሉ ያለ ምክንያት በየእርምጃው የሚደበዝዝና የሚጠራ ይሆናል፤ ይህም ከንቅናቄው ይብሳል። እንዲህ ባለው ቦታ ንቅናቄውን በግማሽ ብቻ ቀንሱት፤ ዓይን ሰው እየተራመደ መሆኑን ካወቀ ድብዛዜውን ይቀበለዋል። የፎቶ አንሺ ብልጭታ ያለባቸውን ቁራጮች ደግሞ አንድ በአንድ እዩ፤ በብልጭታው ቅጽበት ምስሉ ስለሚነጣ ልኬቱ ይሳሳትና ምስሉ አንድ ጊዜ ይዘላል፤ እኔ ቁራጩን ልክ በብልጭታው ላይ ለሁለት ከፍዬ ነው ያለፍኩት።

ማረጋጋት በነጻ አይገኝም፤ ምስሉ ሲገፋ በጠርዙ ጥቁር ክፍተት ይከፈታል፣ ያንን ለመሸፈን ደግሞ ምስሉ ማደግ አለበት፣ ሲያድግ ከጠርዙ ይቆረጣል። የመጀመሪያው ቅጂዬ የሚዜዎቹን ጭንቅላት በሙሉ ቆርጦ ነበር። ክፍተቱን ካለፉትና ከሚመጡት ፍሬሞች በተወሰደ ምስል የሚሞላ ምርጫም አለ፤ ለግድግዳና ለሰማይ ጥሩ ነው፣ ሰው በጠርዙ በኩል በሚያልፍበት ቦታ ግን ግማሽ ሰው እንደ ጥላ ተንሳፍፎ ይቀራል። እኔ አብዛኛውን በአምስት በመቶ ማሳደግ ወስኜ፣ ከዚያ የሚበልጥ ማስተካከያ ሲያስፈልግ ጥቂት መንቀጥቀጥ እንዲቀር ፈቀድኩ።

አሁን ወደ አራቱ ደቂቃ ልመለስ፤ ከሦስት ወር ሥራዬ አንዱን ወር የወሰደው እርሱ ነው። ካሜራዋ በዚያ ሰዓት ቀን የሚያሳየው ቁልፍ ተከፍቶባት ስለነበር በምስሉ ቀኝ ታች «25. 1.1998» የሚል ነጭ ጽሑፍ አለ፤ የጣቱ ሥራ የአባቴ ይሁን የእኔ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ከምስሉ ጋር በካሴቱ ላይ የታተመ ስለሆነ አይነቀልም። ካሜራው ሲናወጥ ጽሑፉ ግን ቦታውን አይለቅም፤ ስለዚህ ምስሉን ሳረጋጋው ክፍሉ ቆመ፣ አባቴ ቆመ፣ ቀኑ ደግሞ ከታች እንደ ፌንጣ ዘለለ። ከዚያም በላይ ፕሮግራሙ የማይንቀሳቀሰውን ጽሑፍ አይቶ ካሜራውም ያልተንቀሳቀሰ እየመሰለው ልኬቱን ያሳስታል። በመጨረሻ ያገኘሁት መንገድ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፤ ከማረጋጋቱ በፊት ከታችና ከቀኝ ጽሑፉ ያለበትን ጠርዝ ቆርጬ ጣልኩ፣ ከዚያ የቀረውን ብቻ አረጋጋሁ፣ በመጨረሻም ወደ ሙሉ መጠኑ አሳደግኩት። ቪዲዮ ኤይት በምስሉ ግርጌ የሚተወው የተረበሸ ጭረትም አብሮ ስለተቆረጠ ልኬቱ ይበልጥ ተስተካከለ። የጠፋው ምስል ጥቂት አይደለም፤ የሶፋው ግማሽና የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ሄዷል። የአባቴ ፊት ግን መሐል ላይ ነበረ። ቀኑን በዲስኩ ማውጫ ላይ ጻፍኩት።

ስለ ድምፅ አጭር ምክር ልስጥ። ቁራጮቹን ስታረጋጉ ድምፁን አትንኩ፤ ሙሉውን ድምፅ ለብቻው አውጥታችሁ አስቀምጡና ምስሎቹን ስትገጣጥሙ በመጨረሻ መልሱት። እኔ ቁራጮቹን ከነድምፃቸው ስገጣጥም በየመጋጠሚያው ጥቂት እየተንሸራተተ ሄዶ ካሴቱ ሲያልቅ እልልታው ከአፋቸው በፊት ይሰማ ነበር። ዲቪዲ ከ48 ኪሎ ኸርዝ ያነሰ ድምፅ አይቀበልም፤ የእኔ ፋይል 32 ሆኖ ስለተገኘ አስቀድሜ ቀየርኩት።

ዲስኩን ራሱ ያዘጋጀሁት ዲቪዲ ስታይለር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ሁለቱን ካሴቶች በአንድ ዲስክ ለማጨናነቅ አትሞክሩ፤ ለ90 ደቂቃ አንድ ዲስክ ሲመደብ ለምስሉ 6.5 ሜጋቢት መስጠት ይቻላል፣ ልዩነቱም በዓይን ይታያል። በዋናው ዲስክ ላይ ከመጻፉ (ከመቃጠሉ) በፊት ፋይሉን በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ላይ እዩት፤ በሚጠፋና በሚጻፍ ዲስክ ላይ አንድ የሙከራ ቅጂ አቃጥሉ። የሁለቱ ግማሽ ምስሎች ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ኮምፒውተሩ ሊሸፍነው ይችላል፤ ቴሌቪዥን ላይ ግን ሰው ሲራመድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንዘፈዘፋል። ጀርባው ወፍራም የሆነው የእማዬ የድሮ ቴሌቪዥን ደግሞ የምስሉን ጠርዝ በራሱ ስለሚደብቅ፣ እኔ በኮምፒውተር እያየሁ የተጨነቅኩበት ቀጭን ጥቁር መስመር ጭራሽ አልታየም።

ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ አንድ ዲስክ ልልክላት አስቤ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ብዙ የዲቪዲ ማጫወቻዎች የእኛን ፓል አይቀበሉም፤ እዚያ ያለው ሥርዓት 480 መስመርና በሰከንድ ወደ 30 ፍሬም የሚጠጋ ነው። ቀይሬ ሞከርኩት፤ ነገር ግን በሰከንድ ከ50 ግማሽ ምስል ወደ 60 ገደማ ሲሄድ አንዳንድ ፍሬም ስለሚደገም፣ በስንት ድካም የረጋው ምስል ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር እንደገና ይንገጫገጭ ጀመር። ተውኩትና የተረጋጋውን ፋይል በፍላሽ ለመንገደኛ ሰጠሁላት፤ በላፕቶፕ ያለ ችግር አየችው። ከካሴቱ የገባውን ያልተነካ 39 ጊጋባይት በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱን እኔ ጋ ሌላውን ወንድሜ ጋ አስቀምጠነዋል፤ የተሻለ ፕሮግራም ሲመጣ ካሴቱን እንደገና መንካት የለብኝም።

እማዬ የመጀመሪያውን ዲስክ ያየችው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እየተፈላ ነው። የጉልበት መሳሙ ክፍል ሲደርስ ዝም ብላ አየች፤ አባቴ ወንድሜን በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ሲመርቀው ድምፁን ጨምሪልኝ አለቻት ለእህቴ ልጅ። ከዚያ መልሺው አለች። እንደገናም መልሺው አለች። ሦስተኛው ላይ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ከበሩ አጠገብ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆመችውን ነጠላ የለበሰች ሴት በጣቷ ነካቻት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አክስቴ በዚያ ጠዋት ዘግይታ ጉልበት ሲሳም አልደረሰችም ተብላ ሃያ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ የምትወቀስ፣ እርሷም «ነበርኩ» እያለች የምትከራከር ሰው ናት፤ ምስሉ ሲናወጥ ፊቷ አንድ ነጭ ጭረት ነበር። እማዬ ሲኒዋን አስቀምጣ «ስልኩን ወዲህ በሉት፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው» አለች።